ልጆች «በእኛ ፊት ይጠጡ» ሲባል የሚፈጸሙ ስህተቶች

በሰኔ ወር በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት የሁለተኛ ደረጃ ምረቃ ድግስ ይበዛል። ከድግሱ ቀደም ብሎም በብዙ ቤት አንድ ክርክር ይነሣል፤ ልጆቹ መጠጣታቸው ካልቀረ፣ እኛ እያየናቸው እዚሁ ቢጠጡ አይሻልም ወይ የሚል። ሐሳቡ የሚመነጨው ከፍቅርና ከፍርሃት ነው፤ ይሁን እንጂ እሺ የሚሉ ወላጆች የሚወድቁባቸው ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው።

ዋነኛው ስህተት የወላጅ ዓይን መጠጡን የሚያለዝበው መስሎ መታየቱ ነው። «በእኔ ፊት ከለመደ፣ ከቤት ሲወጣ ልኩን ያውቃል» የሚለው አባባል ለጆሮ ቢጥምም ማስረጃ አይደግፈውም። በአውስትራሊያ ከ1,900 በላይ ታዳጊዎችን ለ6 ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ መጠጥ ከወላጆቻቸው ያገኙ ልጆች በኋላ በአንድ መቀመጫ አብዝተው የመጠጣት ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደነበረ፣ ከሌላ ሰው መጠጥ የማግኘት ዕድላቸውም እንደጨመረ አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ጥናት ሁለቱ ነገሮች አብረው መሄዳቸውን እንጂ አንዱ ሌላውን ማምጣቱን በእርግጠኝነት አይነግረንም፤ ሆኖም የወላጅ ፈቃድ ልጆቹን ከጉዳት እንደጠበቃቸው የሚያሳይ ነገር አለመገኘቱ ብቻውን ሊያሳስበን ይገባል። ልጆቻቸውን በቤታቸው ወይን ያስለምዳሉ የሚባሉትን ፈረንሳዮች በምሳሌነት ማንሣትም ብዙ አያስኬድም፤ ፈረንሳይ ራሷ ከ14 ዓመት በታች ለሆኑ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ምሳ ላይ ወይን ጠጅ እንዳይቀርብ እ.ኤ.አ. በ1956 ከልክላለች።

ሁለተኛው ስህተት ለሌላ ሰው ልጅ መፍቀድ ነው። በእኛ ቤት የጎረቤቱም የወዳጁም ልጅ ልጃችን ነው፤ ሕጉ ግን እንዲህ አያይም። የሜሪላንድ ሕግ ወላጅ በመኖሪያ ቤቱ ለራሱ የቅርብ ቤተሰብ አባል መጠጥ ቢሰጥ የሚታገሥ ሲሆን፣ ከ21 ዓመት በታች የሆነ የሌላ ሰው ልጅ በቤቱ እንዲጠጣ ዐውቆ የፈቀደን አዋቂ ግን ይቀጣል። «መጠጡን እኔ አልገዛሁም፣ ራሳቸው ይዘው መጡ» የሚለው መልስም አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከቤት ድግስ የወጡ ሁለት ወጣቶች በመኪና አደጋ ከሞቱ በኋላ፣ በ2016 በስማቸው የወጣው «የአሌክስና የካልቪን ሕግ» ቅጣቱን አጥብቆታል፤ ወጣቱ ጠጥቶ እንደሚነዳ እያወቀ፣ ወይም ማወቅ ሲገባው የፈቀደ ሰው፣ ከዚያ የተነሣ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ቢደርስ እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 5,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። በዚያው ዓመት የግዛቷ የበላይ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለ የቤት ባለቤት በካሣም ሊከሰስ እንደሚችል ወስኗል። ሌሎች ግዛቶች የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው የሜሪላንዱን ይዞ ወደ ቨርጂኒያ ወይም ወደ ቴክሳስ መሄድ አይገባም። «አገር ቤት እንዲህ አይጠብቅም» ለሚሉም፣ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥ መከልከሉን ማስታወስ ይበቃል።

ሦስተኛው ስህተት «እንቆጣጠራለን» የሚለው ቃል ራሱ ነው። የድግሱን ቀን እንደ እውነቱ እንየው፤ እናት ከዶሮው ድስት ወደ እንግዳ፣ ከእንግዳ ወደ እንጀራው መሶብ ትመላለሳለች፣ አባት በር ላይ ሰው ይቀበላል፣ ሳሎኑ በቡናና በወሬ ተሞልቷል፣ ልጆቹ ቤዝመንት ናቸው፤ ቢራው ከኮካው ጋር በአንድ ፍሪጅ ተደርድሯል። ማን ስንት እንደጠጣ የሚቆጥር የለም። ጠጅ ካለ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በቤት የተጣለ ጠጅ ከቤት ቤት ኃይሉ ይለያያል፣ ጣፋጭነቱም ያታልላል፤ ብርዝ የለመደ ልጅ ልዩነቱን የሚያውቀው ከብርሌው ሳይሆን ከወንበሩ ሲነሣ ነው።

የመኪና ቁልፍ ሰብስቦ መረጋጋትም ስህተት ነው። ቁልፍ መሰብሰብ መልካም ቢሆንም የሚያስቀረው አንዱን አደጋ ብቻ ነው። ሰውነት አልኮልን የሚያስወግደው ቀስ ብሎ፣ በሰዓት አንድ መጠጥ ያህል ስለሆነ ቡናም ቀዝቃዛ ሻወርም አያፋጥኑትም። ልጁ መጠጣቱን ካቆመ በኋላም በደሙ ውስጥ ያለው አልኮል ለተወሰነ ጊዜ ሊጨምር ስለሚችል «ተኝቶ ይለፍለት» ብሎ በር መዝጋት አደገኛ ነው። ሲጠሩትና ሲነቀንቁት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የሚዘገይ ወይም የሚቆራረጥ፣ ሰውነቱ የቀዘቀዘ ወይም ከንፈሩ የጠቆረ ልጅ ካለ ወዲያውኑ 911 መደወል፣ ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ ማስተኛት፣ እርዳታ እስኪደርስም ከአጠገቡ አለመራቅ ያስፈልጋል። ጉድ እንዳይሰማ ብሎ መደወልን ማዘግየት ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ነው።

የመጨረሻው ከድግሱ በፊትና በኋላ ዝም ማለት ነው። ልጁ የሚጋበዝበትን ቤት ወላጅ ደውሎ፣ «ለልጆቹ መጠጥ ይቀርባል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሉኝታ ሊያስቀረው አይገባም፤ ባለድግሱም የማይፈቅድ ከሆነ ይህንኑ አስቀድሞ ቢያሳውቅ የተጋባዥ ወላጆችን ያሳርፋል። ሌሊት ደውሎ «መጥታችሁ ውሰዱኝ» ያለን ልጅ ግን መኪና ውስጥ እንደገባ መቆጣት፣ ሌላ ጊዜ እንዳይደውል ማስተማር ነው። ጥያቄውም ተግሣጹም በማግስቱ፣ ልጁ ተኝቶ ከተነሣና ከበላ በኋላ ሊሆን ይችላል።