ውሻና ድመት ይዞ በብርድ ወራት በአርቪ መጓዝ

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ከገና በኋላ ብርዱ ሲብስ ባለቤቴና እኔ ቡቺንና ሚጡን አርቪው (መኖሪያ ቤት ያለበት መኪናችን) ውስጥ አስገብተን በአይ-25 አውራ ጎዳና ወደ ኒው ሜክሲኮ እንወርዳለን። ቡቺ ውሻችን ነው፣ ሚጡ ድመታችን ናት። እንደኛ ለመጓዝ ያሰቡ ወዳጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ውሻ ልብስ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ስለ ባትሪያቸው ነው የምጠይቃቸው።

የአርቪው ማሞቂያ በፕሮፔን ጋዝ ይሠራል። ሙቀቱን የሚያሰራጨው ማራገቢያ ግን የሚሽከረከረው በ12 ቮልት ባትሪ ነው። ጋዙ ሙሉ ሆኖ ባትሪው ካለቀ ማሞቂያው ቀጥ ይላል። ማራገቢያው 7 አምፒር ያህል ይወስዳል እንበል። 100 አምፒር-ሰዓት የሚል የተለመደ የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጣችሁ ግማሹን ነው። ማራገቢያው ሳያቋርጥ ከሠራ ከ7 ሰዓት ብዙም አያልፍም። በብርድ ደግሞ የባትሪው አቅም ከዚህም ይወርዳል። ሊቲየም ባትሪ ያላችሁ፣ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ እንዳታደርጉት። እኛ ሲበርደን ጃኬት እንደርባለን፣ ሞተር እናስነሳለን። ቡቺና ሚጡ ግን በሩን እንኳ መክፈት አይችሉም።

ስለዚህ አርቪው በአርቪ ፓርክ (አርቪዎች በክፍያ የሚያድሩበት ቦታ) ውስጥ ኤሌክትሪክ ላይ ካልተሰካ ብቻቸውን ትተናቸው አንሄድም። ከተሰካ ባትሪው እንደተሞላ ይቆያል፣ መብራት ቢጠፋም ማራገቢያውን እሱ ይረከባል። ያም ሆኖ ከሁለት ሰዓት በላይ አንርቅም። መስኮቱ ላይ «ውስጥ ውሻና ድመት አሉ» ብለን ከነስልክ ቁጥራችን እንለጥፋለን። ትንሿን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን ሰው በሌለበት አብርታችሁ አትሂዱ። የቡቺ ጅራት ብቻውን ይገለብጣታል።

የሙቀት መከታተያም ግዙ። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሲወርድ ወይም መብራት ሲቋረጥ ስልኬ ላይ መልእክት ይመጣል። በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራውን ምረጡ። በፓርኩ ዋይፋይ የሚሠራው መብራት ሲጠፋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያው በጣም የሚያስፈልጋችሁ ደግሞ ያኔ ነው። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ላይ እንስሶቹ ከኛ ጋር ይወጣሉ።

ግድግዳው ላይ ያለው ቴርሞሜትር በሰው ቁመት ልክ የተሰቀለ ነው። ውሻ የሚተኛው ወለል ላይ ነው፣ ወለሉ ደግሞ ከሁሉም የቀዘቀዘ ነው። ርካሽ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ወለሉ ላይ አኑሩ፤ ልዩነቱን ስታዩ ትደነግጣላችሁ። የቡቺን መኝታ ከወለሉ ከፍ አድርገን ከሥሩ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፈናል። ሚጡ ራሷ ላይኛው አልጋ ላይ ወጥታለች፣ ሙቀት የት እንዳለ የምታውቀው እሷ ናት።

ማሞቂያ ካለ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይታሰባል። ገዳይ ጋዝ ነው፣ ሽታ የለውም። የአላርሙን ጀርባ ገልብጣችሁ የሚያበቃበትን ዓመት እዩ፣ ዕድሜው ካለፈ ቀይሩት። በረዶ በጣለ ቁጥር የማሞቂያው የጭስ መውጫ እንዳይደፈን ከውጭ ጥረጉ። የማብሰያ ምድጃውን ለማሞቂያ ብላችሁ በፍጹም አታብሩ።

ድመት ላላችሁ አንድ ከባድ ማሳሰቢያ አለኝ። በሞተር ወደ ውጭ የሚገፋውን የአርቪ ክፍል፣ ስላይድ የምንለውን፣ ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ድመቷ ሳጥኗ ውስጥ መግባቷን በዐይናችሁ እዩ። የበረዳት ድመት ጠባብ ቀዳዳ ትፈልጋለች። ስላይዱ ሲሳብ ሊጨፈልቃት ይችላል። መኪናው ሲሄድም ሁለቱም በቀበቶ በታሰረ ሳጥን ውስጥ ናቸው።

ሌላው የብርድ ወራት ጠላት አንቲፍሪዝ፣ ማለትም ውሃ ወደ በረዶ እንዳይለወጥ የሚያደርገው ፈሳሽ ነው። የመኪና ሞተር ውስጥ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባል መርዝ አለበት። ጣፋጭ ነው፣ ኩላሊት ያበላሻል፣ ድመትን ለመግደል ትንሽ ይበቃል። ለአርቪው የውሃ ቧንቧ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚል ግዙ፣ ጉዳቱ በጣም ያነሰ ነው። እንስሳችሁ የፈሰሰ አንቲፍሪዝ ከላሰ ምልክት እስኪያሳይ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱት። ኤኤስፒሲኤ የሚባለው የአሜሪካ የእንስሳት ተቆርቋሪ ድርጅት የእንስሳት መርዝ መረጃ ማዕከል 24 ሰዓት ይሠራል፣ ቁጥሩ 888-426-4435 ነው፣ ክፍያ ሊኖረው ይችላል።

መንገድ ላይ ቡቺን ሳወርደው ጫማ አደርግለታለሁ። ኮሎራዶ መንገዱ ላይ በረዶ ለማቅለጥ ማግኒዥየም ክሎራይድ ይረጫል፣ መዳፍ ያቃጥላል፣ ውሻ ደግሞ መዳፉን ይልሳል። ጫማ እንቢ ካለ ሲመለስ በለብ ያለ ውሃ አጥባችሁ በጣቶቹ መካከል አድርቁ። የጣሪያውን መተንፈሻ ትንሽ ክፍት ተዉት፣ አለበለዚያ የእርጥብ ውሻና የትንፋሽ ጤዛ ግድግዳውን ያረጥባል።

ኮሎራዶንና ኒው ሜክሲኮን የሚያገናኘው ራቶን ፓስ የተባለው የተራራ መተላለፊያ ከፍታው 2,388 ሜትር ነው፣ ከአዲስ አበባ ብዙም አይለይም። በጥር ግን በረዶ ሲበረታ መንገዱ ይዘጋል። ለጥቂት ቀን የሚበቃ ምግብ፣ ውሃና የድመት አሸዋ ትርፍ ያዙ፣ የጋዝ ታንኩንም ከግማሽ በታች አታውርዱ።

እኛ የምንወደው ኒው ሜክሲኮ ያለውን የኋይት ሳንድስ ብሔራዊ ፓርክን ነው። ብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ውሻን በእግረኛ መንገዶቻቸው ላይ አይፈቅዱም፣ እዚያ ግን ከ6 ጫማ (1.8 ሜትር ገደማ) ባልበለጠ ማሰሪያ ነጩ አሸዋ ላይ መሄድ ይቻላል። ፓርኩ ውስጥ በአርቪ ማደር ስለማይቻል አላሞጎርዶ ከተማ አርቪ ፓርክ ይዘን እናድራለን። ቦታ ስትይዙ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወረቀት ሊጠይቋችሁ ስለሚችል ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ። በየማደሪያው ቅርብ የሆነውን የድንገተኛ የእንስሳት ሐኪም ስልክም ወረቀት ላይ ጻፉት።