ኦፕንሬስቲ ላይ የጋራ ሞጁል ስትጭኑ

አራት ኪሎ ያለችው ትንሽ ቢሯችን ውስጥ ቁጭ ብዬ አንዲት መስመር ቀየርኩ። ሴቭ፣ ሪፍሬሽ፣ ምንም የለም። ደግሜ ቀየርኩ፣ አሁንም ያው። ብራውዘሩን ረገምኩ፣ ካሹን አጠፋሁ፣ ማኪያቶዬም ቀዘቀዘ። ለካ ሰርቨሩ ፋይሉን ጠዋት ሲነሳ አንብቦ ጨርሷል፣ ከዚያ ወዲህ ዞር ብሎም አላየውም።

ኦፕንሬስቲ ማለት ኤንጂንኤክስ የሚባለው ዌብ ሰርቨር ሉዋ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሆዱ ውስጥ ይዞ ሲሠራ ነው። ብዙ ገጾች የሚጋሩት ኮድ ካላችሁ፣ ለምሳሌ ዋጋ ላይ 15 በመቶ ቫት የሚደምር፣ በየገጹ አትገልብጡት። ለብቻው የሉዋ ፋይል አድርጉት፤ ሞጁል የሚባለው ይህ ነው። አናቱ ላይ ሎካል ብላችሁ ባዶ ቴብል ፍጠሩ፣ ፈንክሽኖቹን እዚያ ላይ ስቀሉ፣ መጨረሻ ላይ ቴብሉን ሪተርን አድርጉ።

ቀጥሎ ፋይሉ የት እንዳለ ለሰርቨሩ ንገሩት። ኮንፊጉ ላይ፣ ኤችቲቲፒ ብሎኩ ውስጥ፣ ሉዋ ፓኬጅ ፓዝ ብላችሁ ሙሉ አድራሻውን ስጡ፤ ቃላቱ በስር ሰረዝ ይያያዛሉ። አድራሻው ውስጥ የጥያቄ ምልክት አስቀምጡ፣ የሞጁሉ ስም እዚያ ቦታ ይገባል። መጨረሻው ላይ ሁለት ሴሚኮለን ጨምሩ። ነባሮቹን መንገዶችም ፈልግ ማለት ነው፤ ከረሳችኋት አብረውት የመጡትን ላይብረሪዎች ሳይቀር ማግኘት ያቅተዋል።

ከዚያ ሞጁሉን በሚያስፈልገው ገጽ ላይ በሪኳየር ጥሩት። የመጀመሪያው ሪኳየር ፋይሉን ያነባል፣ ያስኬዳል፣ ውጤቱን ፓኬጅ ሎደድ የሚባል ቴብል ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚያው ያወጣል እንጂ ዲስክ አይነካም። ስለዚህ ኮድ ስትቀይሩ ሰርቨሩን ሪሎድ አድርጉ። ላፕቶፓችሁ ላይ ሉዋ ኮድ ካሽን ኦፍ ብታደርጉት ይህ ጣጣ አይኖርም፣ ሰው የሚጠቀምበት ሰርቨር ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሁሉንም እንደ አዲስ ስለሚጭን ይንቀራፈፋል።

ከባድ ሞጁል ካላችሁ ኢኒት ባይ ሉዋ ብሎክ ውስጥ ሪኳየር አድርጉት። ማስተሩ፣ ማለትም ዋናው ፕሮሰስ፣ አንዴ ይጭነዋል፤ ወርከሮቹ፣ ማለትም ጥያቄ የሚያስተናግዱት ፕሮሰሶች፣ ከእሱ ሲወለዱ እስካልቀየሩት ድረስ ያንኑ ሜሞሪ ይጋራሉ። እዚያ ግን ዳታቤዝ ለማገናኘት አትድከሙ፣ የኦፕንሬስቲ ሶኬት በዚያ ሰዓት አይሠራም።

አሁን እኔን ያስለቀሰኝ ነገር። አንድ ሲስተም ላይ የገባውን ሰው ስም ሞጁሉ አናት ላይ ባለች ቫሪያብል ያዝኩት። ብቻዬን ስሞክረው እንከን የለሽ ነበር። ሰው ሲበዛበት አንዲት ደንበኛ ደወለች፣ «እንኳን ደህና መጡ አቶ እገሌ ይለኛል፣ እኔ አቶ ነኝ እንዴ?» አለችኝ። አልሳቅኩም። የሆነው ይህ ነው፦ የእሷ ጥያቄ ዳታቤዝ እየጠበቀ ሳለ ያው ወርከር የሌላ ሰው ጥያቄ ተቀበለ፣ ያቺኑ ቫሪያብል በእሱ ስም ሞላት፣ የሴትዮዋ ጥያቄ ሲመለስ ያገኘው የሰውየውን ስም ነው። ሞጁሉ አንድ፣ ቫሪያብሏ አንድ፣ ሰዎቹ ሁለት። የአንድ ጥያቄ ጉዳይ እንደ አርጊውመንት ይተላለፍ፣ ወይም ኤንጂኤክስ ሲቲኤክስ በሚባለው፣ ለዚያ ጥያቄ ብቻ በሚኖር ቴብል ውስጥ ይቀመጥ። ሞጁሉ አናት ላይ የማይለወጥ ነገር ብቻ ይኑር፣ እንደ ቫቱ 15።

ተቃራኒው ስህተትም አለ። ቆጣሪ ሞጁል ውስጥ አስቀምጠው ሁሉም ወርከር የሚያየው የሚመስላቸው አሉ። ወርከሮቹ ግን እንደ ካፌ አስተናጋጆች ናቸው፣ እያንዳንዱ የራሱ ደብተር አለው፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያይም። ሁሉም የሚያየው ከፈለጋችሁ ሉዋ ሼርድ ዲክት የሚባለውን የጋራ ማስቀመጫ ተጠቀሙ። ይህን ማየት የሚፈልግ ሰው ሞጁል ውስጥ ያለውን ቆጣሪ ከወርከሩ መለያ ቁጥር (ፒአይዲ) ጋር ያሳትምና ደጋግሞ ይጥራው፤ 3 ይላል፣ 17 ይላል፣ ተመልሶ 4 ይላል። ብራውዘር ግንኙነቱን ሳይዘጋ ስለሚቆይ ያው ወርከር ብቻ ሊመልስላችሁ ይችላል፣ ከተርሚናል በሚሠራው በከርል ሞክሩት።