ራውተር ከጀርባው ይመረጣል

ራውተር ስገዛ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አልፈውና በቀጥታ ወደ ጀርባው የገመድ መሰኪያዎች እሄዳለሁ። «ኤሲ 1200» የሚለውን እንውሰድ። ራውተሩ ዋይፋይ የሚያሰራጨው በሁለት የሬዲዮ ሞገዶች፣ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ነው፤ ቁጥሩ የ2.4 ጊጋኸርዙ በሰከንድ 300 ሜጋቢት ከ5 ጊጋኸርዙ 867 ሜጋቢት ጋር ተደምሮና ተጠጋግቶ የተገኘ ነው። ኮምፒውተራችሁ ግን በአንድ ጊዜ የሚገናኘው በአንዱ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ እንዲህ ዓይነት ቁጥር የለጠፉ አንዳንድ ርካሽ ራውተሮች የኢንተርኔት መሰኪያቸው ከ100 ሜጋቢት በላይ አያሳልፍም። መስመራችሁ 200 ቢሆን ግማሹ እዚያው በር ላይ ይቀራል። ዝርዝሩ ውስጥ «ጊጋቢት» (1000 ሜጋቢት ማለት ነው) ወይም «10/100/1000» የሚል ካላገኘሁ አልገዛም።

ኮምፒውተሩን ከገመዱ ጋር የሚያገናኘውን የኔትወርክ ካርድ በተመለከተ፣ በቅርብ ዓመታት የተሠሩ የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ማዘርቦርዳቸው (ዋናው የውስጥ ሰሌዳቸው) ላይ ጊጋቢት መሰኪያ ስላላቸው አዲስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ ገመዱን መርምሩ። እኔ ቤት ፍጥነቱ 94 ሜጋቢት ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ አለ። ካርድ ለወጥኩ፤ አሁንም 94። ለካ ቁጥሩ ራሱ እየነገረኝ ነበር፤ 100 ሜጋቢት ግንኙነት በተግባር የሚሰጠው ወደ 94 ወይም 95 ነው። ገመዱን ነቅዬ ጫፉን ወደ ብርሃን ያዝኩት። በብርሃን አስተላላፊው ፕላስቲክ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ይታያሉ፤ ሰባቱ እስከ ጫፍ ደርሰዋል፣ ቡናማው ግን አጥሮ ከብረት ጥርሱ ሳይደርስ ቀርቷል። 100 ሜጋቢት በአራት ሽቦ ይሠራል፤ ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። ለ100 ከማያስፈልጉት አራቱ አንዱ ሲጎድል ካርዱና ራውተሩ ብዙውን ጊዜ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳያሳዩ ወደ 100 ይወርዳሉ። «ካት 5ኢ» የተባለው ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋቢት ስለሚያደርስ ለቤት ይበቃል።

ገመድ መዘርጋት ካልተቻለ የዋይፋይ ካርድ ይመጣል። በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ከሆነ አንቴናው በራሱ ገመድ ተስቦ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ምረጡ። አንቴናዎቹ በብረት ሣጥኑና በግድግዳው መካከል ሲታፈኑ ጥሩ ካርድም ይደክማል። በዩኤስቢ የሚሰካውን ትንሹን ከሆነ የመረጣችሁት፣ በማራዘሚያ ገመድ ከኮምፒውተሩ አርቁት። ዩኤስቢ 3 መሰኪያዎችና ዲስኮች በ2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ረብሻ ይፈጥራሉ። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ደግሞ ከምርቱ ስም ይልቅ የውስጡን ቺፕ አጣሩ፤ አንድ ሞዴል «ስሪት 2» ሲባል ቺፑ ተቀይሮ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) ሊያሳጣችሁ ይችላል።

ዋይፋይ 6 ራውተር ካንዱ ትውልድ በፊት የመጣው ዋይፋይ 5 ካርድ ካለው ኮምፒውተር ጋር የሚነጋገረው በዋይፋይ 5 ነው። ስለዚህ ሁለቱን አብራችሁ አስቡ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ያደክመዋል፤ ራውተሩን ከቤቱ መሐል፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ ከማቀዝቀዣና ከቴሌቪዥን ጀርባ አርቃችሁ አስቀምጡት።

ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አትርሱ። ዋይፋዩን ከሰርጎ ገቦች የሚጠብቀው የደኅንነት ደረጃ ደብሊውፒኤ 3 ይኑረው፣ ቢያንስ ደብሊውፒኤ 2። የአምራቹን ገጽ ከፍታችሁም ለዚያ ሞዴል የመጨረሻው የሶፍትዌር ማሻሻያ የወጣበትን ቀን እዩ። ዓመታት ካለፉት፣ የቱንም ያህል ቢረክስ መልሳችሁ መደርደሪያው ላይ አስቀምጡት።