የአማርኛ ስም የሚቀበል ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሲሠራ፦ የስም ሕጉን ከዩኒኮድ ጋር እንዴት እናስኬደው?

ደብረ ብርሃን ላይ ለጀማሪ ተማሪዎች በአማርኛ የሚጻፍ ትንሽ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ እየሠራችሁ ነው እንበል። ተማሪው «የገብስ_ዋጋ» የሚል ቫሪያብል (ዋጋ የሚቀመጥበት ስም) ይፈጥራል፤ ይሠራል። «የበግ_ዋጋ» ይላል፤ ይሠራል። «የፓፓያ_ዋጋ» ሲል ግን ቋንቋው አልቀበልም ይላል።

ጥፋቱ ያለው የስም ሕጉ ላይ ነው። ሕጉን የጻፈው ሰው «ከሀ እስከ ፐ» ብሎ ነው የገደበው። ለእኛ ይሄ ሙሉ ፊደል ገበታ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ፊደሎቹን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ደረጃ) በሰጣቸው ተራ ቁጥር ነው የሚያውቃቸው። ፐ ላይ ቁም ከተባለ ፑ፣ ፒ፣ ፓ፣ ፔ፣ ፕ እና ፖ ውጭ ይቀራሉ።

«እንግዲያው የኢትዮጵያን ፊደል የቁጥር ክልል ሙሉውን ልቀበል» ማለትም አያዋጣም። እዚያው ክልል ውስጥ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ አሉ። «በግ።» ከነአራት ነጥቡ አንድ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። መሃል መሃል ላይ ደግሞ እስካሁን ምንም ፊደል ያልተመደበባቸው ባዶ ቦታዎች አሉ።

መጀመሪያ፦ ዝርዝሩን በእጃችሁ አትጻፉ

ዩኒኮድ ይህን ሥራ ሠርቶታል። ለእያንዳንዱ ካራክተር (ፊደል፣ አሐዝ ወይም ምልክት) «ስም መጀመር ይችላል» እና «ስም ውስጥ መቀጠል ይችላል» የሚሉ ሁለት ምልክቶች አሉት፤ ኤክስ-አይዲ-ስታርት እና ኤክስ-አይዲ-ኮንቲኒው ይባላሉ። ዝርዝር ደንቡ የዩኒኮድ አባሪ ቁጥር 31 ላይ ይገኛል። ሕጋችሁ እንግዲህ አጭር ነው፦ የመጀመሪያው ካራክተር የመጀመሪያው ምልክት ይኑረው፣ የቀሩት ደግሞ ሁለተኛው። አንደርስኮር (_) ለመቀጠል የተፈቀደ ቢሆንም ለመጀመር ግን አልተፈቀደም፤ «_ዋጋ» እንዲሠራ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ ጨምሩት።

ትልልቆቹ ቋንቋዎችም ወደዚሁ ነው የመጡት። ፓይተን 3 ከዚህ ደንብ ተነሥቷል፤ ረስት በ2021 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በ1.53 ስሪቱ ተቀብሎታል፤ ሲ ፕላስ ፕላስም ረጅሙን የቁጥር ዝርዝር ትቶ ወደዚህ ዞሯል።

ቀጥሎ፦ የትኛው ዩኒኮድ እንደሆነ ጻፉ

ብዙዎች የሚዘሉት ይሄንን ነው። ዩኒኮድ ያድጋል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በስሪት 3.0 ገባ፤ ከዚያ በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ተጨማሪዎች መጡ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። የመጨረሻዎቹ ለጉራጌ ቋንቋዎች የተጨመሩ ፊደሎች ናቸው። እነዚህን ፊደሎች ፓይተን 3.10 ላይ ስም ውስጥ ብትጽፉ ስህተት ይላል፣ ምክንያቱም የያዘው ዩኒኮድ 13 ነው። ፓይተን 3.11 ላይ ያው ስም ያልፋል፤ እሱ 14ን ይዟል።

ቋንቋችሁን በፓይተን እየሠራችሁ የፓይተንን የስም መፈተሻ ብቻ ከጠራችሁ፣ የእናንተ ሕግ ተማሪው ኮምፒውተር ላይ ካለው ስሪት ጋር ይለዋወጣል ማለት ነው። አንዱ ጋ የሠራ ፕሮግራም ጎረቤቱ ጋ ይወድቃል። ስለዚህ ከዩኒኮድ የዳታ ፋይል ሰንጠረዡን የሚያወጣ አጭር ስክሪፕት ጻፉ፣ የወጣውን ፋይል ከኮዳችሁ ጋር አስቀምጡ፣ አናቱ ላይ የስሪቱን ቁጥር ጻፉበት።

የግዕዝ ቁጥሮች

«በግ፩» ትክክለኛ ስም ነው። «በግ፲» ግን አይደለም። ግራ ያጋባል፣ ግን ምክንያት አለው። ከ፩ እስከ ፱ ያሉት በድሮው ዩኒኮድ እንደ ተራ አሐዝ ተቆጥረው ነበር። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ ስለሌለውና እንደ 0–9 በቦታ ስለማይቆጠር ምደባቸው ተቀየረ። ስም ውስጥ የተጠቀመባቸው ሰው ኮዱ እንዳይበላሽበት ግን በልዩ ዝርዝር ፈቃዳቸው ተጠበቀላቸው። ፲ እና ከእሱ በላይ ያሉት መጀመሪያውኑ አሐዝ ስላልነበሩ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም። እኔ ብሆን ሕጉን እንዳለ ይዤ፣ ተማሪው «በግ፲» ሲጽፍ ምክንያቱን የሚነግር ግልጽ መልእክት አወጣለሁ። የራስን ልዩ ፈቃድ መጨመር የሚያጓጓ ቢሆንም ከደረጃው መለየት ይጀመራል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም።

አንድ ድምፅ፣ ሁለት ፊደል

ከሁሉም የሚከብደው ይሄ ነው። አንድ ተማሪ «ደብረ_ብርሃን» ብሎ የከተማውን ሽያጭ ይመዘግባል። ጓደኛው ታች ወርዶ «ደብረ_ብርሀን» ላይ ይደምራል። ሲነበብ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ድምሩ ይጎድላል፣ ማንም ለምን እንደሆነ አያይም። ጸ እና ፀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐም እንዲሁ።

የዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን ይህንን አይፈታም። እሱ አንድን ፊደል በተለያየ መንገድ መጻፍን ነው የሚያስታርቀው፤ ሀን ከሐ ጋር አያገናኝም፣ ሊያገናኝም አይገባም። ትግርኛ ተናጋሪው ሁለቱን ለይቶ ይናገራቸዋል፣ ግዕዝም ላይ ልዩነቱ ትርጉም ይለውጣል። ስለዚህ ስሞቹን አታዋህዱ። ኖርማላይዜሽኑን እንደ ላቲን ላሉ ሌሎች ፊደሎች ስትሉ አድርጉት፣ ከዚያ ለብቻው ማስጠንቀቂያ ሥሩ፦ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ በሞክሼ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ከተገኙ ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመው ፕሮግራም) «መስመር 3 ላይ ብርሃን ብለሃል፣ እዚህ ብርሀን፤ አንድ ናቸው?» ብሎ ይጠይቅ። ኮዱ ይለፍ፣ ግን ሰውየው ይወቅ።

በየዓመቱ

አዲስ ዩኒኮድ አብዛኛውን ጊዜ በመስከረም ገደማ ይወጣል። ስክሪፕቱን እንደገና አስኪዱት፣ አዲሱን ሰንጠረዥ ከአሮጌው ጋር አስተያዩ። የሚጨመር እንጂ የሚቀነስ መኖር የለበትም፤ ዩኒኮድ አንዴ ስም መሆን የቻለ ቃል ወደፊትም ስም ሆኖ እንደሚቀጥል ቃል ገብቷል። የተቀነሰ ካያችሁ ስክሪፕታችሁን መርምሩ።

ቴስቶቻችሁ ውስጥ «የፓፓያ_ዋጋ»፣ «በግ፩»፣ «በግ፲» እና «በግ።» አይጥፉ፤ ሁለቱ ማለፍ፣ ሁለቱ መውደቅ አለባቸው። የማይታወቅ ፊደል ሲመጣ ደግሞ «ስህተት» ብላችሁ አትተዉት። «ይህ ፊደል እኛ በያዝነው ዩኒኮድ 13 ውስጥ የለም» በሉት፤ ተማሪው ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነና ማዘመን እንዳለበት ወዲያው ይገባዋል።