ዲስኩ ሞልቷል ብላችሁ ዴሊት ከመጫናችሁ በፊት

የሰርቨር ዲስክ አመቺ ሰዓት መርጦ አይሞላም። ብዙ ጊዜ የወር ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ነው። ሲስተሙ ይቆማል፣ ስልክ መጮህ ይጀምራል፣ አለቃ መጥቶ ከኋላ ይቆማል፤ በዚህ መሀል የተጨነቀው የአይቲ ሰው ያገኘውን ትልቅ ፋይል ያጠፋል። ከሞላው ዲስክ ይልቅ ብዙ መዘዝ የምታመጣው ይህች የችኮላ ዴሊት ናት። እያንዳንዱ ትልቅ ፋይል የፈጠረውና የሚጠቀምበት ፕሮግራም አለው። መሰረዝ ያለበትም በዚያው ፕሮግራም በኩል ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

ሳይለኩ መጀመር

ሪሳይክል ቢን ባዶ ማድረግ፣ ቴምፕ ፎልደር ማጽዳት፣ የሠራተኛውን ፎቶ መልቀም... ይሄ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ጊጋባይት ቢያስለቅቅ ነው፣ አጠገቡ ማንም ያልነካው 300 ጊጋባይት የድሮ ባክአፕ ተቀምጦ። መጀመሪያ ለኩ። ዊንዶውስ ላይ ዊንዲርስታት ወይም ትሪሳይዝ፣ ሊኑክስ ላይ ኤንሲዲዩ የትኛው ፎልደር ምን ያህል እንደያዘ ያሳያሉ። በአድሚን መብት ክፈቷቸው፤ አለበለዚያ የተቆለፉ ፎልደሮችን ዘለው ያልፉና ድምሩ አልገጥም ይላል። ዊንዶውስ ላይ አሁንም ካልገጠመ ሻዶው ኮፒን ጠርጥሩ። የድሮ የፋይል ቅጂዎችን ይዞ ተደብቆ ይቀመጣል፣ ግን ከዚህ በላይ እንዳይወስድ ብሎ መገደብ ይቻላል።

እየተጻፈበት ያለ ሎግ ማጥፋት

ሊኑክስ ላይ ይቺ የታወቀች ወጥመድ ናት። 80 ጊጋባይት የደረሰ ሎግ (ፕሮግራም የሚሠራውን እየተከታተለ የሚጽፍበት ፋይል) አገኛችሁ፣ በአርኤም (rm፣ የማጥፊያ ትእዛዝ) አጠፋችሁት፣ ዲኤፍ (df፣ የዲስክ ባዶ ቦታ የሚያሳይ ትእዛዝ) ብላችሁ ስታዩ ዲስኩ እንደሞላ ነው። አርኤም የሚያጠፋው የፋይሉን ስም ነው። ፋይሉን የከፈተው ፕሮግራም እስካልዘጋው ድረስ ዳታው ዲስኩ ላይ ይቆያል፣ እንዲያውም ፕሮግራሙ መጻፉን ይቀጥላል፣ እናንተ ግን ከእንግዲህ አታዩትም። የፎልደሮችን መጠን የሚያሳየው ዲዩ (du) ስም ያላቸውን ፋይሎች ብቻ ስለሚደምር ቦታ ያለ ያስመስላል፤ ዲኤፍ ደግሞ የለም ይላል። ሁለቱ ሲጣሉ ኤልሶፍ (lsof) የሚባለውን ትእዛዝ ጠይቁት። የተሰረዙ ግን ያልተዘጉ ፋይሎችን ከነፕሮግራማቸው ይዘረዝራል። ያንን ፕሮግራም ሪስታርት ስታደርጉት ቦታው ይመለሳል።

ገና ካላጠፋችሁት ደግሞ ፋይሉን ተዉትና ይዘቱን ብቻ በትራንኬት (truncate) ትእዛዝ ባዶ አድርጉት። ከዚያ በፊት ግን መጨረሻውን ቆርጣችሁ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ሎግ በአንድ ሌሊት 80 ጊጋባይት የሚደርሰው የሆነ ነገር ስለተበላሸ ነው፣ ምን እንደተበላሸ የሚናገረውም እሱው ነው።

ዳታቤዙን እንደ ተራ ፋይል ማየት

የከፋው ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ጋ ነው። «ሎግ» ስለሚባል ብቻ የኤስኪውኤል ሰርቨርን የትራንዛክሽን ሎግ (ዳታቤዙ ላይ የተደረገ ለውጥ የሚመዘገብበትን) ከተራ ሎግ እኩል የሚያዩት አሉ። እሱ የዳታቤዙ አካል ነው፤ አጥፍታችሁት ዳታቤዙ አልነሳም ቢላችሁ አይገርምም። ያለልክ ካደገ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ዳታቤዙ ፉል ሪከቨሪ (ሎጉን ባክአፕ እስኪደረግ የሚያቆይ አሠራር) ላይ ሆኖ የሎግ ባክአፕ የሚወስድ የለም። በየማታው ሙሉ ባክአፕ መውሰድ ሎጉን አያስለቅቅም፣ ይሄንን ስንቱ እንደማያውቅ ይገርማል። የሎግ ባክአፕ ለብቻው መርሐ ግብር ይፈልጋል። ማይኤስኪውኤል ላይም የባይነሪ ሎግ (የለውጥ መዝገብ) ፋይሎችን በእጅ አትሰርዙ። የፐርጅ ትእዛዝ አለ፤ ያም ቢሆን ሬፕሊካው (ዳታውን እየቀዳ የሚከተለው ሌላ ሰርቨር) አንብቦ መጨረሱን ካረጋገጣችሁ በኋላ።

ሌላው፣ ሚሊዮን መስመር አጥፍቶ ዲስኩ ላይ ቦታ መጠበቅ ነው። ፋይሉ አያንስም። የተለቀቀው ቦታ ዳታቤዙ ውስጥ ለሚመጣው አዲስ ዳታ ይቀመጣል። ፖስትግሬስ ላይ ቫኪዩም ፉል የሚባለው ትእዛዝ ፋይሉን ያሳንሳል፣ ግን ቴብሉን አዲስ ቅጂ አድርጎ ስለሚጽፈው ለቅጂው የሚሆን ትርፍ ቦታ ይፈልጋል፣ እስኪጨርስም ቴብሉን ቆልፎ ማንንም አያስነካም። ዲስኩ ጢም ካለ በኋላ መጀመር ማለት መሀል ላይ መውደቅ ነው። የኤስኪውኤል ሰርቨር ሽሪንክ (ፋይል ማሳነሻ) ደግሞ ኢንዴክሶቹን (የፍለጋ ማውጫዎቹን) ይበታትናቸዋል። ብዙ የድሮ ዳታ ከወጣ በኋላ አንዴ ቢሠራ ክፋት የለውም። በየሳምንቱ እንዲሠራ መርሐ ግብር የሚያወጡለትን ግን አልገባኝም፣ ፋይሉ ያው ተመልሶ ያድጋል።

የዊንዶውስን ፎልደሮች በእጅ መቁረጥ

ዊንኤስኤክስኤስ የሚባለው ፎልደር ግዙፍ መስሎ ይታያል። ብዙዎቹ ፋይሎች ሌላ ቦታ ካሉት ጋር ሃርድ ሊንክ (ለአንድ ፋይል የተሰጠ ሌላ ስም) ስለሆኑ ሁለቴ ይቆጠራሉ እንጂ ያን ያህል አልያዘም። ማጽዳት ከፈለጋችሁ ዲስም የሚባለው ትእዛዝ የራሱ ማጽጃ አለው። ኢንስቶለር ፎልደሩንም አትንኩት። ዛሬ ምንም አይታያችሁም፣ በኋላ አንድ ፕሮግራም አልታደስም አልጠፋም ሲል ነው የሚገባችሁ።

ስናፕሾትን እንደ ባክአፕ መቁጠር

ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ከማዘመን በፊት ስናፕሾት (የማሽኑን የዚያች ቅጽበት ሁኔታ መያዣ) መውሰድ ጥሩ ልማድ ነው። ችግሩ መርሳቱ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ የሚጻፈው ሁሉ በሌላ ፋይል ላይ ይከማቻል፣ ፋይሉም እያደገ ስቶሬጁን ይበላል። የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ሠሪው ቪኤምዌር አንድ ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። ከወራት በኋላ ስታጠፉት ደግሞ የተከማቸው ወደ ዋናው ዲስክ መዋሃድ ስላለበት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል፣ ስለዚህ ሥራ በሚቀልበት ሰዓት አድርጉት።

በዚህ አጋጣሚ፣ ቲን የሆነ (የተጻፈበትን ያህል ብቻ ቦታ የሚወስድ) ቨርቹዋል ዲስክ ውስጥ ፋይል ስላጠፋችሁ ብቻ ስቶሬጁ ቦታውን መልሶ አያገኝም። ትሪም ወይም አንማፕ (የተለቀቀውን ቦታ ለስቶሬጁ የሚያሳውቁ ትእዛዞች) እስከ ታች ድረስ መሥራት አለበት።

«ዓመት ሙሉ አልተከፈተም» ብሎ መሰረዝ

መጨረሻ የተከፈተበት ቀን የሚታመን ነገር አይደለም። ብዙ የዊንዶውስ ሲስተሞች ላይ መመዝገቡ ራሱ ተዘግቷል፣ በየቀኑ የሚሠራበት ፋይል ዓመት ያልተነካ ሊመስል ይችላል። በንግድ ድርጅት ውስጥ ደግሞ ያልተከፈተ ማለት አያስፈልግም ማለት አይደለም፤ የሒሳብ ሰነድ ኦዲተር እስኪመጣ ድረስ ማንም ላይከፍተው ይችላል። የክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ። መልስ እስኪመጣ ወደ ርካሽ ዲስክ አዛውሩት፣ ማን መቼ እንዳዛወረውም ጻፉ።

ባዶ ቦታ ስላለ ችግር የለም ማለት

ሊኑክስ የዲስኩ ግማሽ ባዶ ሆኖ «ቦታ የለም» ካላችሁ አይኖዱ (እያንዳንዱ ፋይል አንድ የሚፈልገው መዝገብ) አልቆ ይሆናል። በዲኤፍ ማይነስ አይ (df -i) ይታያል። ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ማንም የማያጸዳው የሴሽን ወይም የሜይል ፎልደር ነው፣ ሚሊዮን ጥቃቅን ፋይል የያዘ። ኢኤክስቲ4 የሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም ደግሞ በነባሪ 5 በመቶውን ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ) ያስቀራል። 10 ቴራባይት የዳታ ዲስክ ላይ 500 ጊጋባይት ነውና በቲዩን2ኤፍኤስ (tune2fs) ትእዛዝ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ላይ ግን ተዉት።

አጽድቶ ምንጩን መተው

የዊንዶውሱ ዌብ ሰርቨር አይአይኤስ የድሮ ሎጎቹን በራሱ አያጠፋም፣ ዛሬ ብታጸዱት ከዓመት በኋላ እዚያው ናችሁ። የሚያጠፋ ስክሪፕት መርሐ ግብር ውስጥ አስገቡ፤ ሊኑክስ ላይ የድሮ ሎጎችን የሚያጸዳውን ሎግሮቴትን አስተካክሉ። ማስጠንቀቂያው 95 በመቶ ላይ ከሆነ ዘግይቷል፣ 80 ላይ አድርጉት። አንዳንድ አስተዳዳሪዎች ደግሞ ሊኑክስ ላይ በፎልአሎኬት (ቦታ አስቀድሞ የሚይዝ ትእዛዝ) የተሠራ አምስት ጊጋባይት ባዶ ፋይል ዳታው ባለበት ዲስክ ላይ ያስቀምጣሉ። ስሙንም ማንም እንዲያውቀው «በጭንቅ ጊዜ አጥፉኝ» ይሉታል። ዲስኩ ጢም ሲል እሱ ይጠፋና ሲስተሙ ይነሳል፣ እናንተም ትክክለኛውን ጥፋተኛ ለመፈለግ ጊዜ ታገኛላችሁ።