ሉፐስና ማይግሬን፦ ራስ ምታት ሁሉ አንድ አይደለም

ሉፐስ የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን የሚያጠቃበት ሕመም ነው። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው። እየተመላለሰ የሚመጣው ከባድ ራስ ምታት፣ ማይግሬንም በሴቶች ላይ ይበረታል። ታዲያ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ቢገናኙ አይገርምም። የሚያሳዝነው በመሃል የሚሠሩት ስህተቶች ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ራስ በታመመ ቁጥር «ሉፐሴ ተነሳብኝ» ማለት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የብዙ ጥናቶች ትንተና ሉፐስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ማይግሬን ከሌላው ሕዝብ ጎልቶ አላገኘም። ስለዚህ ሐኪም ሳያማክሩ የሉፐስ መድኃኒት የሆነውን ፕሬድኒሶሎን መጨመር አያዋጣም።

ተቃራኒው ግን ይብሳል። «የለመድኩት ማይግሬን ነው» ብሎ ጨለማ ክፍል ውስጥ መተኛት። ሉፐስ ደም ሊያረጋ ይችላል። መድኃኒቶቹ ደግሞ ለኢንፌክሽን ያጋልጣሉ። ራስ ምታቱ በድንገት ከመጣና ከዚህ በፊት ከሚያውቁት ሁሉ ከከፋ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ካለው፣ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ ዓይን ከጋረደ ወይም ሰውነት ካንቀጠቀጠ እስኪነጋ አይጠብቁ። ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሦስተኛው የኛው አገር ነው። ፀሐይ ላይ ውላ የገባች ሴት ራሷን ያማታል፣ ያተኩሳታል፣ አፏ ይቆስላል። «ምች ነው» ይባላል፤ ዳማከሴ ይጨመቃል። ዳማከሴውን አልነቅፍም። ግን ሉፐስም በፀሐይ ይቀሰቀሳል፤ አፍ ያቆስላል፤ ያተኩሳል። «ምች» የተባለው የሚመላለስ ከሆነ፣ መገጣጠሚያ የሚያብጥ ከሆነ፣ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ሽፍታ የሚወጣ ከሆነ መመርመር አለባት። ሽፍታው በጠይም ቆዳ ላይ ከመቅላት ይልቅ ጠቆር ብሎ ሊታይ ይችላል።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዙ መዋጥም አለ። ሉፐስ ኩላሊት ይነካል፤ እነዚህ ደግሞ ጉዳቱን ያብሱታል። ማስታገሻ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ይሆናል፦ እነዚህንና ፓራሲታሞልን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን የሚባሉትን የማይግሬን መድኃኒቶች ደግሞ 10 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት መውሰድ።

አንድ ቀረ። ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት ዓይን ላይ ብልጭታ ወይም የተሰባበረ መስመር የሚያዩ ከሆነ ለሐኪም ሳይነግሩ አይለፉ። እንዲህ ያለው ማይግሬን ለስትሮክ ያለውን ስጋት ይጨምራል። ከሉፐስ ታማሚዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ደም የሚያረጋ ፀረ እንግዳ አካል በደሙ አለ፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ ሲጨመርበት አደጋው ይከፋል። ኢስትሮጅን የሌለበት መከላከያ ስላለ ያንን ይጠይቁ።