አፍንጫዬን ሁለት ጊዜ ተሠርቻለሁ፤ ለመሠራት ለምታስቡ

አፍንጫዬን በቀዶ ጥገና ሁለት ጊዜ ተሠርቻለሁ። አንዴ በ26 ዓመቴ፣ አንዴ በ30። የመጀመሪያው ለውበት ነበር። ሁለተኛው በደንብ ለመተንፈስ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ አንዱ ይበቃኝ ነበር።

ከአባቴ የወረስኩት ጉብታ አፍንጫዬ መሀል ላይ ነበረኝ። ስስቅ ደግሞ ጫፉ ወደ ታች ይወርዳል። ሐኪሙ ጋ የገባሁት ስልኬ ላይ የአንዲት ሞዴል ፎቶ ይዤ ነው። «ዶክተር፣ ልክ እንደዚህ ይሁንልኝ» አልኩት። «ችግር የለም» አለኝ። መጠርጠር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አፍንጫዬን በጣቱ አልነካም። ውስጡን በመብራት አላየም። ስለ አተነፋፈሴም አንድ ጥያቄ አልጠየቀኝም።

ጉብታው ጠፋ፣ ጫፉም ሹል ብሎ ቀና አለ። የመጀመሪያዎቹን ወራት ደስ ብሎኝ ከረምኩ። እብጠቱ እየጎደለ ሲሄድ ግን የተደበቀው ሁሉ ብቅ አለ። ከጫፉ በላይ በግራና በቀኝ በጣት የተቆነጠጠ የሚመስል ስርጉድ ወጣ። አጥንቱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ የተገለበጠ «ቪ» ፊደል የሚመስል ጥላ ታየ። አየር ሳብ ሳደርግ የአፍንጫዬ ጎኖች ወደ ውስጥ ይጣበቃሉ። ደረጃ ስወጣ አፌን ከፍቼ ነው፤ ሌሊት ጉሮሮዬ ደርቆ እነቃለሁ። እህቴ አንድ ቀን ትክ ብላ አየችኝና «ቆንጆ አፍንጫ ነው፤ ያንቺ ግን አይመስልም» አለችኝ።

ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ቆይቶ ነው። የአፍንጫ የላይኛው ክፍል አጥንት ነው። ከመሀሉ ወደ ታች ያለው ካርቲሌጅ ነው፤ ጆሯችሁን ስታጥፉ የሚታጠፈው ዓይነት። ይህ ካርቲሌጅ ቅርጽ ከመስጠቱም በላይ የአየሩን መንገድ ከፍቶ ይይዛል። በአፍንጫ ውስጥ ከሁሉም የሚጠበው ቦታ የጎኑ ካርቲሌጅ ሁለቱን ቀዳዳዎች ከሚለየው የመሀል ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ማዕዘን ነው። ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢሆን ነው። ጉብታ ሲነሳ ይህ ቦታ መልሶ ካልተደገፈ ይዘጋል። የእኔ አልተደገፈም። የጫፉ ካርቲሌጅም ከልክ በላይ ተቆርጧል። ቆዳ ደግሞ ከሥሩ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ቀስ እያለ ይኮማተራል፣ የቀረውንም ይጎትታል። ብዙ የተቆረጠ አፍንጫ በሦስተኛው ወር አምሮ፣ ዓመታት ሲያልፉ «የተሠራ» መሆኑ የሚያስታውቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ «ምን ያህሉን ይተዋሉ? የሚቀረውንስ በምን ይደግፉታል?» ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ጥያቄው ደስ ይለዋል፤ ወረቀት ስቦ ይስልላችኋል። ለምሳሌ ከመሀሉ ግድግዳ ካርቲሌጅ ሲወሰድ ከላይና ከፊት ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያለው መደገፊያ መቅረት አለበት። ካልቀረ የአፍንጫው መሀል እንደ ኮርቻ ሊሰረጉድ ይችላል። ለመደገፊያ የሚሆነው ካርቲሌጅ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ ግድግዳ ይገኛል። እሱ ካልበቃ ከጆሮ ወይም ከጎድን አጥንት ይወሰዳል። መልሱ «አይዞሽ፣ ለእኔ ተይው» ብቻ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ።

ሁለተኛዋ ሐኪሜ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ሲመረምሩኝ የአፍንጫዬን ጫፍ በጣታቸው ተጭነው ምን ያህል እንደሚመለስ አዩ። ጉንጬን ወደ ጎን ሳብ አድርገው «አሁን አየሩ ይሻልሻል?» አሉኝ። ተሻለኝ። ከፊት፣ ከሁለቱም ጎን፣ በሰያፍ እና ከሥር ፎቶ አነሱኝ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ምኑ እንዳይነካብሽ ነው የምትፈልጊው?» ከመጀመሪያው ቀዶ ጥገና በፊት የተነሳሁትን ፎቶና የአባቴን ፎቶ አስመጡኝ። የሞዴል ፎቶ አላዩም። ከጆሮዬ ካርቲሌጅ ወስደው የተቆነጠጡትን ጎኖች ደገፉልኝ። ጠባሳው ከጆሮዬ ጀርባ ስለሆነ አይታይም።

ይህን ጥያቄ እናንተም ለራሳችሁ ጠይቁ። የሚያስጠላችሁን ነገር አንድ ወይም ሁለት ብቻ ምረጡ፤ የምትወዱትንም ጻፉ። የተፈጥሮ የሚመስል አፍንጫ ከባለቤቱ ፊት ጋር የሚሄድ ነው። ሰፋ ያለ ፊት ላይ ክር የመሰለ አፍንጫ ከሩቅ ያስታውቃል። ሰልካካ አፍንጫ ሁሉ ያምራል ማለት አይደለም። የቀዳዳውን ዙሪያ ማጥበብ ከፈለጋችሁ በትንሹ ይሁን፤ እዚያ የተቆረጠ አይመለስም። በአፍንጫና በላይኛው ከንፈር መካከል ያለው ማዕዘን ለወንድ ከ90 እስከ 95፣ ለሴት ከ95 እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ጥሩ ነው ይባላል። መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ከዚያ በላይ ቀና ካለ ግን ከፊት ለፊት የሚታየው ቀዳዳው ነው። አገጫችሁንም ከጎን ተመልከቱ። አገጭ ወደ ኋላ ሲሸሽ ደህና የነበረው አፍንጫ ትልቅ ይመስላል።

በሰልፊ ደግሞ ፈጽሞ አትወስኑ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ፎቶ አፍንጫን ከ1.5 ሜትር ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ገደማ አስፍቶ እንደሚያሳይ አስልቷል። ስልኩን ለሰው ስጡና ከ1.5 ሜትር ያንሳችሁ። እኔ ስጠላው የኖርኩት አፍንጫ በከፊል የስልኬ ሥራ ነበር።

ቆዳችሁንም እወቁ። ስስ ቆዳ ከሥሩ ያለውን ትንሽ ጉድለት ሁሉ ያሳያል። ወፍራም ቆዳ ደግሞ ይሸፍናል፣ እብጠቱም ቶሎ አይለቅም። ወፍራም ቆዳ ያለውን ሰው ጫፍ ለማሾል ብዙ ካርቲሌጅ ከተቆረጠ ውጤቱ ቅርጽ የሌለው ድቡልቡል ይሆናል። እዚያ የሚሠራው ጫፉን ደግፎ ማጠንከር ነው። ስለዚህ የሐኪሙን የቀድሞ ሥራዎች ስታዩ እንደ እናንተ ዓይነት ቆዳና አፍንጫ የነበራቸውን፣ ቢያንስ ዓመት የሞላቸውን ፎቶዎች ጠይቁ። የሁለት ወር ፎቶ ምንም አይነግራችሁም። በኮምፒዩተር የሚያሳዩት ምስል ለመግባባት ይጠቅማል እንጂ ቃል ኪዳን አይደለም።

በውጭ በኩል ተከፍቶ ይሠራ ወይስ በውስጥ የሚለው ብዙ አያስጨንቃችሁ። በውጭ ሲሆን በሁለቱ ቀዳዳዎች መሀል ትንሽ ጠባሳ ይኖራል፣ ብዙ ጊዜም ይደበዝዛል።

ከቀዶ ጥገናው ቀን በፊት ሲጋራ ቢያንስ 4 ሳምንት ቀድማችሁ አቁሙ፤ ቁስል ቶሎ እንዳይድን ያደርጋል። አስፒሪንና አይቡፕሮፌን የደም መፍሰስን ስለሚያበዙ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ ተናገሩ። ዕድሜው ከ15 እስከ 17 ያልደረሰ ልጅ አፍንጫው አድጎ አላለቀም፣ ይጠብቅ። ሰው ስለገፋፋችሁ የምትሄዱ ከሆነም ቆዩ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ላዩ ላይ የሚታሰረው መደገፊያ በሳምንት ገደማ ይነሳል። የዓይን ሥር መጥቆር በሁለት ሳምንት አካባቢ ይለቃል። እስከዚያ አትናፈጡ፤ ሲያስነጥሳችሁ አፋችሁን ክፈቱ፤ ትራሳችሁን ከፍ አድርጋችሁ በጀርባ ተኙ። መነጽር የምታደርጉ ለአንድ ወር ያህል አፍንጫችሁ ላይ እንዳያርፍ መላ ፈልጉ።

ከሁሉም የከበደኝ መጠበቁ ነው። ጠዋት ያበጠው ማታ ይጎድላል፣ በማግስቱ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ የሚጎድለው ጫፉ ነው። ሙሉ ቅርጹ ዓመት ይፈጃል፤ ወፍራም ቆዳ ከዚያም ያልፋል። ለዚህ ነው ማስተካከያ ቢያስፈልግ እንኳ ከዓመት በፊት ብዙ ጊዜ የማይነካው። በጎበዝ ሐኪም እጅም ማስተካከያ የሚያስፈልገው ሰው አለና፣ ያ ቢመጣ እንዴት እንደሚስተናገድ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ። መተንፈስ ቢከብዳችሁ፣ ትኩሳት ቢኖራችሁ ወይም ደም አልቆም ቢል ግን ያኔውኑ ደውሉ።

በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ብርሃን፣ ከአንድ ርቀት ፎቶ ተነሱ። በሦስተኛው ወር ጫፉ ወፍሮብኝ ለሐኪሜ እያለቀስኩ ደወልኩላቸው። «የመጀመሪያውን ወር ፎቶ ከዛሬው አጠገብ አድርጊና እዪ» አሉኝ። አስቀምጬ አየሁ። ለካ እየጎደለ ነበር።